የወለል እንጨት ከመነጠፉ በፊት ከቤቱ አየር ጋራ ስለ ማላመድ

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ስለ መሠረቱ፣ ቀጥሎም ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ያስባል። ወለሉን የሚያስታውሰው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ወደ ማለቁ ሲቃረቡ ነው። በዚያን ጊዜ ሳንቃው ወይም ላሚኔቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ተጭኖ ይመጣል፤ አናጢው ሌላ ቀጠሮ አለብኝ እያለ ያጣድፋል፤ የቤቱም እመቤት ሰርጉ ሳይደርስ ቤቱ ተሰናድቶ እንዲያልቅላት ትሻለች። ስለዚህ ዕቃው ከመኪና በወረደ በማግሥቱ ተነጥፎ ያድራል፤ ባለቤቶቹም የወለሉን ማማር አይተው ደስ ይላቸዋል። ጥፋቱ የሚታየው በዚያ ሰሞን አይደለም። ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ፣ አናጢው ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ ወዲያ፣ ወለሉ በአንድ ወገን እንደ ግመል ሻኛ ይነሣል፤ ወይም በሳንቃና በሳንቃ መካከል የጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል።

ይህ ነገር በወገዳ፣ በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በአርብ ገበያ ቤት ለሚሠሩ ሁሉ የሚገባ ጕዳይ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ምክንያቱንና መከላከያውን ለቤተ ሰብ እንዲጠቅም አድርገን ልንገልጽ አስበናል። የወለል እንጨት ርካሽ ዕቃ አይደለም። ባለቤቱ የዓመታት ቍጠባውን ያወጣበታል፤ አንድ ጊዜ ከተነሣና ከተንጋደደም በኋላ ነቅሎ እንደ ገና ማንጠፍ እምብዛም አይሆንለትም፤ ምላሱና ጕድጕዱ ይሰበራልና።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ወለል አፈር ነው። አፈሩ ይደለደላል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም በእበትና በጭቃ ይለቀለቃል። ይህን ወለል የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አንንቀውም። ዐዋቂ እመቤት ልቅላቂው ሳይደርቅ ሰሌንም ሆነ ቁርበት አታነጥፍበትም፤ እርጥቡን ብትሸፍነው እንደሚሸት፣ ምንጣፉንም እንደሚያሻግትባት ታውቃለችና። አባወራውም እንዲሁ ነው። ለሞፈርና ለቀንበር የቈረጠውን እንጨት ከጫካ አምጥቶ በዚያው ቀን በሬ አይጠምድበትም፤ በጥላ ያኖረዋል፣ አንዳንዱም ከእሳት በላይ በጢስ ሰቅሎ ያደርቀዋል። እርጥብ ሞፈር በሥራ ላይ ሲደርቅ እንደሚጠምና እንደሚሰነጠቅ ከአባቶቹ ተምሯል። እንግዲህ በፋብሪካ የተሰናዳ ሳንቃ ሲመጣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ለምን እንደሚረሳ አይገባንም። ምናልባት በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነገር ሁሉ ያለቀለት መስሎን ይሆናል።

እንጨት ከተቈረጠና ከተሰነጠቀ በኋላም ከአየር ውሃ መጠጣትንና መልሶ መትፋትን አያቆምም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ በክረምት ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላና ድምፁ ይደክማል፤ ወደ እሳት ወይም ወደ ፀሐይ ሲያቀርቡት ግን ይወጠራል፣ ድምፁም ይመለሳል። እንጨትም እንደ ቆዳው ነው፤ የሚለየው በዝግታው ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንቢ ብሎ የሚያታግል በርና የቁም ሣጥን መሳቢያ በየካቲት በቀላሉ የሚከፈተው ስለዚህ ነው። የብራና መጻሕፍትን ገበታ ያየ ሰውም ብዙው ተሰንጥቆ በጅማት ወይም በክር ተሰፍቶ መኖሩን ያስታውሳል።

የእንጨት ዐዋቂዎች ይህን በቍጥር ያስቀምጡታል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ ሲሆን እንጨቱ ውስጡ የሚይዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ ያህል፣ አየሩ 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 16 በመቶ ያህል ይይዛል። አሁን የተቈረጠ ዛፍ ከዚህ እጅግ የበለጠ ውሃ አለው፤ ነገር ግን ውሃው ወደ 28 ወይም ወደ 30 በመቶ እስኪወርድ ድረስ የእንጨቱ መጠን እምብዛም አይለወጥም። መኮማተሩ የሚጀምረው ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ ከቍጥር የማይገባ ነው፤ በወርዱ ግን ብዙ ነው፤ ይልቁንም የዛፉን የዓመት ቀለበት ተከትሎ በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ፣ ከልቡ ወደ ልጡ አቅጣጫ ከተሰነጠቀው ወደ እጥፍ ይደርሳል። አንዱ ሳንቃ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲኖር ጎረቤቱ እንደ ገበታ የሚጎደጕደው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ ትንሽ መስሎ እንዳይታይ ሒሳቡን እናሳይ። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ 16 በመቶ ውሃ ይዞ ተነጠፈ እንበል፤ በበጋም ወደ 9 በመቶ ወረደ። ለብዙ ዐይነት እንጨት እርጥበቱ በአንድ በመቶ ሲለወጥ ወርዱ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ይለወጣል። በ0.3 ብናስበው ሳንቃው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ወርዱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 40 ሳንቃ ይገባልና፣ ሲደመር ከ8 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ክፍተት ሆነ ማለት ነው። ክፍተቱም ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ጤፍ፣ አሸዋና ትቢያ ይገባበታል፤ ቁንጫም ይራባበታል፤ መጥረጊያም አይደርስበትም። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ በበጋ እጅግ ደርቆ የተነጠፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በክረምት ያው 8 ሳንቲ ሜትር የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። እንጨት ሲያብጥ ኀይሉ ብርቱ ስለ ሆነ ወይ ራሱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወይ የግድግዳውን ግርጌ ይገፋል።

ስለ አገሩ አየር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጕና ተራራ፣ ቁመቱ ከ4,100 ሜትር ከሚበልጠው፣ እስከ ዐባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ያለው ምድር ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም በአንድ አውራ መንገድ ርቀት ያገናኛል። ስማዳ ብቻዋን በአንድ ወገን በበሽሎ፣ በሌላው ወገን በዐባይ ትዋሰናለች። አንድ ሸክም ሳንቃ ከጣና ዳር ተነሥቶ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ንፋስ መውጫ ብርድ ሲወጣ፣ ወይም ወደ ስማዳ ቆላ ሲወርድ፣ የሚያገኘው አየር ሌላ ነው። በደጋውም ቢሆን የሐምሌ ጭጋግና የየካቲት ነፋስ ሁለት የተለያዩ አገሮች ይመስላሉ። ስለዚህ በባሕር ዳር መጋዘን ውስጥ ደኅና የነበረ እንጨት በወገዳ ደኅና ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። በባሕር ዳር የሚኖር ዘመድ «እኔ በመጣበት ቀን አስነጥፌው ምንም አልሆነም» ቢልም ለደጋው ሰው ማስረጃ አይሆነውም።

ማላመድ ማለት እንጨቱ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ውሃው ከክፍሉ አየር ጋራ እስኪመዛዘን ድረስ መታገሥ ነው። ቃሉ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰዎች በአንድ ነገር ይሳሳታሉ፤ ዋናው ነገር የቀኑ ቍጥር ይመስላቸዋል። ላሚኔት የሚሠሩት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ 48 ሰዓት ይበቃዋል ይላሉ፤ ስለ ሙሉ እንጨትም ሦስት ቀን የሚል አለ፣ ሁለት ሳምንት የሚል አለ። ጥያቄው ግን ስንት ቀን ተቀመጠ ሳይሆን ከየትኛው አየር ጋራ ተላመደ የሚለው ነው። ልስኑ ገና ያልደረቀ፣ መስኮቱ ያልተገጠመ፣ ሲሚንቶው ገና ውሃ የሚተፋ ቤት ውስጥ የገባ ሳንቃ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ይበልጥ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሻልም። ደርቆ በመጣ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ማላመድ ጉዳት ነው፤ ከመኪና አውርዶ ወዲያው ከማንጠፍም ሊብስ ይችላል።

እንግዲህ አስቀድሞ መላመድ ያለበት ቤቱ ነው። በርና መስኮት ከነመስተዋታቸው ተገጥመው፣ ልስንና ቀለም ደርቀው፣ ጣሪያው እንደማያፈስ በአንድ ዝናብ ታይቶ፣ ቤቱ ሰው ሲኖርበት የሚኖረውን አየር መያዝ አለበት። የሲሚንቶው ወለል ዋና ጠላት ነው። ባለሙያዎች በግምት የሚከተሉት ደንብ፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል የሚል ነው፤ እንግዲህ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት አራት ወር ያህል ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። ላዩ ነጭ ሆኖ መታየቱ አያታልል። በየቤቱ ሊደረግ የሚችል ፈተና አለ፤ ወርድና ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ንጹሕ ላስቲክ በኮንክሪቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በሙሉ በፕላስተር አጥብቆ ማሸግና ከ16 ሰዓት የማያንስ ማቈየት ነው። ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ወይም የጠቈረ ምልክት ከታየ ወለሉ ገና ነው። ምንም ባይታይ ግን ፈጽሞ ደርቋል ማለት አይደለምና፣ በሌላ ማእዘንም ደግሞ መሞከር መልካም ነው። ኮንክሪቱ በቀጥታ በመሬት ላይ ያረፈ ከሆነ፣ ደርቆም ቢሆን፣ ከሥር የሚወጣውን እርጥበት የሚያግድ ወፍራም ላስቲክ ሳይነጠፍበት እንጨት አይቀመጥበትም።

በጭቃና በጭድ ስለ ተመረገ ቤትም አንድ ነገር እንጨምራለን። ይህ ቤት ሲደርቅ የሚያወጣው ውሃ ከሲሚንቶ ቤት አያንስም። ባለቤቱ በሰኔ አስመርጎ በመስከረም ወለል ለማንጠፍ ቢነሣ፣ ግድግዳው ክረምቱን ሁሉ ሲጠጣ ኖሯልና፣ ምክራችን ቢያንስ እስከ ኅዳር እንዲታገሥ ነው።

ስለ ወቅቱ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ በደጋው ለማንጠፍ የሚሻለው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ካለፈ ጥቂት ወር ሆኖታል፣ ብርቱው የበጋ ድርቀት ደግሞ ገና አልገባም፤ እንጨቱ በዓመቱ ውስጥ በሚወጣበትና በሚወርድበት መካከል ላይ ስለሚገኝ፣ ለሁለቱም ወገን የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። ይህ ወራት ለጥር ሰርግም ይደርሳል። ሰርጉ በግንቦት የሆነ ሰው ግን በሚያዝያ ድርቀት አንጥፎ ሐምሌ ሲገባ እንዳይደነግጥ፣ ያንኑ ሥራ በታኅሣሥ ቢጨርሰው ይሻለዋል።

ዕቃው ሲገባ አቀማመጡም ዋጋ አለው። ሳንቃ በግድግዳ ላይ ተደግፎ መቆም የለበትም፤ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ከወለሉ ከፍ ባሉ እኩል ጣውላዎች ላይ በጠፍጣፋው ይደረደራል። ሙሉ እንጨት ከሆነ ከመጠቅለያው ይወጣል፤ በየድርድሩም መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እየተጋደሙ አየር እንዲዞርበት ይደረጋል። እነዚያ ቀጫጭን እንጨቶች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ሳንቃው እነርሱን ተከትሎ ይጎብጣል። ላሚኔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ሳይከፈት ተጋድሞ ይቀመጣል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማስነበብ ነው። ሁለቱም ከውጭ ግድግዳ፣ ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ይርቃሉ። ግርግዳው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ በማለዳ ከመኪና የወረደ ዕቃ በሞቀ ክፍል ውስጥ ወዲያው ቢከፈት ጤዛ ሊይዝ ይችላልና፣ ሌሊቱን እንደ ታሸገ ማሳደር ይሻላል።

እንጨቱ መላመዱን በምን እናውቃለን? በከተማ ያሉ ባለሙያዎች ሁለት ጥርስ ያለው የእርጥበት መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለቤቱም ሲመጡ ሳንቃውንም ከሥሩ ያለውንም እንጨት እንዲለኩ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከሥር የእንጨት ወራጅ ወይም ጣውላ ካለ፣ የሁለቱ ልዩነት ወርዱ ከ7.5 ሳንቲ ሜትር ለሚበልጥ ሳንቃ ከ2 በመቶ፣ ለጠባቡም ከ4 በመቶ መብለጥ የለበትም። መሣሪያ በሌለበት ስፍራ የሱቅ ሚዛን ይበቃል። ከክምሩ መካከል ሦስት ሳንቃ መርጦ፣ ቍጥር ጽፎባቸው፣ በየሁለት ቀኑ መመዘንና በደብተር ማስፈር ነው፤ ክብደታቸው መቀነሱን ወይም መጨመሩን ሲያቆሙ ከክፍሉ አየር ጋራ ታረቁ ማለት ነው። ይህን ሥራ ለቤቱ ልጆች መስጠት ይቻላል፤ በደስታ ይሠሩታል፣ ሒሳብም ይማሩበታል። ስንት በመቶ ውሃ እንዳለው ለይቶ ማወቅ የፈለገ ደግሞ፣ ከሳንቃው መካከል ቍራጭ ወስዶ ይመዝናል፣ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቆ ደግሞ ይመዝናል። ቍራጩ አስቀድሞ 200 ግራም፣ ከደረቀም በኋላ 180 ግራም ቢሆን፣ 20 ለ180 ሲካፈል 11 በመቶ ያህል ውሃ ነበረው ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው በፋብሪካ ደርቆ ስለ መጣው ነው። በአገር ውስጥ ተሰንጥቆ የሚሸጠው ሳንቃ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዛሬው ቀን በደቡብ ጎንደር ገበያ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱም ሲደርቅ ብዙ የሚኮማተር፣ ጫፉም የሚሰነጠቅ፣ አንዳንዱም የሚጠማዘዝ እንጨት ስለ ሆነ፣ ለማገርና ለወራጅ እንጂ ለወለል ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለወለል የሚሆነውን የሚሻ ሰው ጫፎቹን በቀለም ወይም በሰም ቀብቶ፣ በጥላ ደርድሮ፣ በላዩ ክብደት ጭኖ ያኖራል። ለአየር ድርቀት የሚሰጠው የቈየ ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጥድና ኮሶ ከእርሱ ይሻላሉ፤ ነገር ግን የቀሩት ጥቂት ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቍጥር 94 እነዚህን አራቱን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኋላም ዐዋጁ በሌሎች ቢተካ፣ የዛፎቹ ማነስ አልተለወጠም። በጋይንትና በእስቴ የቀረው ጥንታዊ ዛፍ አብዛኛው በየደብሩ ቅጥር ግቢ ያለው ነው። ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያደገ ዋንዛ ተቈርጦ ሳይደርቅ ቢነጠፍና በሁለት ዓመት ቢበላሽ፣ የሚጠፋው የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በሚገባ የደረቀና ከእርጥበት የተጠበቀ እንጨት ስንት ዘመን እንደሚኖር ለማየት ግን ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በላስታ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተሠራ ነው፤ ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ስለ ጠበቀው እንጨቱ ከዛጕዌ ዘመን እስከ ዛሬ ደርሷል። በዚያው በጋይንት፣ በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀችው ቤተልሔም፣ ጥንታዊው ባለ አራት ማእዘን ቤተ ክርስቲያን በክብ ሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የሚገኝባት ናት፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ ስለ እርሷ ጽፏል። ሰፊው ክዳን ዝናቡን ባያርቅለት ያ የእንጨት ሥራ ለእኛ ባልደረሰ ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የተላመደም እንጨት ቢሆን በክረምትና በበጋ ጥቂት መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ ስለዚህ በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ፣ በምሰሶና በበር መቃንም ግርጌ ሳይቀር፣ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ለሰፊ አዳራሽና ለሙሉ እንጨት ከዚህም ይበልጣል። ክፍተቱን የግርጌው ጠርዝ እንጨት ይሸፍነዋል፤ ጠርዙም በግድግዳው ላይ ይመታል እንጂ በወለሉ ላይ አይመታም። አንዳንድ አናጢዎች ክፍተቱን እንደ ነውር ቈጥረው በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ይህን የሚያደርግ አናጢ ወለሉን አስሮ እንዲያብጥ ትቶታልና፣ ባለቤቱ ቆሞ ሊከለክለው ይገባል። ላሚኔት ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ሳንቃ በወርዱ ብቻ ሳይሆን በቁመቱም ይዘረጋል፤ ስለዚህ ክፍተቱ በአራቱም ወገን እኩል አስፈላጊ ነው።

ከተነጠፈም በኋላ ቤተ ሰቡ የሚጠነቀቅበት አለ። በበዓል ቀን ጤዛው ያልረገፈ ቄጠማ በእንጨት ወለል ላይ መጎዝጎዝ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ውሃው በየመገጣጠሚያው ይገባል፤ ላሚኔትም ጠርዙ አንድ ጊዜ ካበጠ አይመለስም። ቄጠማውን ለማስቀረት አንመክርም፤ በፀሐይ ጥቂት ጠውልጎ፣ ከሥሩ ሰሌን ተነጥፎ፣ በማግሥቱ ተጠርጎ ቢወጣ ይበቃል። የቡና ማንደጃም ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሸክላ ሳይኖረው በሳንቃ ላይ አይቀመጥ፤ ሙቀቱ በአንድ ስፍራ ብቻ ያደርቀውና ያ ስፍራ ከሌላው ተለይቶ ይሰነጠቃል። ወለሉንም በባልዲ ውሃ ማጠብ ቀርቶ በተጨመቀ ጨርቅ መወልወል ነው።

ከአናጢው ጋራ ውል ሲደረግ የማላመጃው ጊዜ በጽሑፍ ይግባ፤ ሳንቃው መቼ እንደ ገባ፣ በየስንት ቀኑ እንደ ተመዘነ፣ ማን እንደ ፈቀደ ይጻፍ። የመጨረሻውም ዋጋ ጥቂቱ ክረምት እስኪያልፍ ቢቈይ፣ ታማኝ ሠራተኛ ቅር የሚለው አይመስለንም። ከተረፈው ሳንቃ ደግሞ አምስት ወይም ስድስቱ ለጥገና ይቀመጡ፤ የሚቀመጡትም በውጭ ጎተራ ወይም በማድ ቤት ሳይሆን በዚያው ቤት ውስጥ፣ ለምሳሌ ከአልጋ ሥር በጠፍጣፋው ሆነው ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ሳንቃ ቢሰበር፣ ተተኪው ከወለሉ ጋራ አንድ አየር ሲተነፍስ የኖረ ይሆናል።